ሸክላውን የሚመርጠው ማን ነው? የኒው ዮርኩ 102.7 ኤፍ.ኤም. የአቀራረብ ለውጥ ታሪክ

አንድ የሙዚቃ ራዲዮ ጣቢያ አቀራረቡን ለወጠ ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው የዘፈኑ ዓይነት መለወጡ ብቻ ነው። የጣቢያዎችን ታሪክ በጥሞና ለተመለከተ ግን ከዘፈኑ ለውጥ በስተጀርባ አንድ የሙያ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ሸክላውን የሚመርጠው ማን ነው? የሚለው ነው። በኒው ዮርክ ከተማ በ102.7 ሜጋኸርዝ የሚሠራጨው ጣቢያ ያለፈበት ጉዞ ለዚህ ጥያቄ ግልጽ ምሳሌ ይሆናል። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ደብልዩ-ኤን-ኢ-ደብልዩ በሚል ስም የታወቀው ይህ ጣቢያ ሜትሮሚዲያ የተባለው ኩባንያ ንብረት ሲሆን፣ በ1130 ኪሎኸርዝ የሚሠራ ዝነኛ የኤ.ኤም. እኅት ጣቢያ ነበረው። በዚያን ዘመን የኤፍ.ኤም. መቀበያ ያላቸው ቤቶች ጥቂቶች ስለነበሩ፣ ባለንብረቶች በኤፍ.ኤም. የሚያሰሙት አብዛኛውን ጊዜ የኤ.ኤም. ፕሮግራማቸውን ቅጂ ነበር። በ1964 ግን የፌዴራል የመገናኛ ኮሚሽን ከ100,000 በላይ ሕዝብ ባላቸው ከተሞች የሚገኝ የኤፍ.ኤም. ጣቢያ ከሥርጭት ሰዓቱ ከግማሽ የሚበልጠውን በእኅት ጣቢያው ፕሮግራም እንዳይሞላ ደነገገ። ባለንብረቶቹ ቢያጉረመርሙም፣ ባዶ የቀረውን ሰዓት የሚሞላ አዲስ ነገር መፈለግ ግድ ሆነባቸው።

ጣቢያው በመጀመሪያ የሞከረው ዘዴ ለጊዜው እንግዳ ነበር። ከጁላይ 4 ቀን 1966 ጀምሮ አስተዋዋቂዎቹ ሁሉ ሴቶች እንዲሆኑ ተደረገ። ይሁን እንጂ አዲስ የሆነው ድምፁ እንጂ ሙዚቃው አልነበረምና፣ ሙከራው በ1967 አበቃ። ከሴቶቹ መካከል በጣቢያው ከቀሩት አንዷ አሊሰን ስቲል ነበሩ።

በዚሁ ከተማ ደብልዩ-ኦ-አር ኤፍ.ኤም. ከ1966 ጀምሮ የሮክ ሙዚቃን በነፃነት ሲያሰማ ቆይቶ፣ በሚቀጥለው ዓመት ምርጫውን በጠባብ ዝርዝር ወሰነው። ሮስኮ በሚባል ስም የሚታወቁት ጥቁር አሜሪካዊ አስተዋዋቂ ቢል መርሰር ይህን በመቃወም ሥራቸውን መልቀቃቸውን በአየር ላይ ተናገሩ፤ በኦክቶበር 1967ም መጨረሻ በ102.7 ብቅ አሉ። ስኮት ሙኒና ጆናታን ሽዋርትዝም ከእሳቸው ጋር ተሰለፉ። አሊሰን ስቲል ከ1968 መግቢያ አንሥቶ ሌሊቱን ተረከቡ፤ በዋሽንት ዜማና በግጥም እየከፈቱ፣ «የሌሊቷ ወፍ» በሚል ቅጽል እስከ 1979 አገለገሉ።

በእነዚህ ዓመታት ሸክላውን የሚመርጠው ከማይክሮፎኑ ፊት የተቀመጠው ሰው ራሱ ነበር። ረጅሙ ዘፈን ሳይቆረጥ ይሰማል፤ አንዱ ሙዚቃ ከሌላው ጋር በሐሳብ ይያያዛል። በ1974 ጆን ሌነን ወደ ዴኒስ ኤልሳስ ፕሮግራም የራሳቸውን ሸክላዎች ይዘው በመምጣት፣ የአየር ሁኔታውንና ማስታወቂያውን ሳይቀር አንብበው ሄደዋል። በዘፈን ዝርዝር በታሰረ ጣቢያ እንዲህ ያለውን እንግዳ እንደዚያ ማስተናገድ አስቸጋሪ በሆነ ነበር።

ነፃነቱን ያጠበበው የኤፍ.ኤም. ስኬት ራሱ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ የኤፍ.ኤም. አድማጭ ከኤ.ኤም. አድማጭ በለጠ። ገንዘቡ ሲመጣ አማካሪውና የአድማጭ ጥናቱ አብረው መጡ፤ ከ1971 ጀምሮ ዘፈኖቹን ከማእከል የሚወስነው ተፎካካሪ ጣቢያ ደብልዩ-ፒ-ኤል-ጄም ብርቱ ተቀናቃኝ ሆነ። ሜትሮሚዲያ በ1986 ጣቢያውን ከሸጠው በኋላ ባለቤትነቱ ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋወረ። የ1996ቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ደግሞ አገር አቀፉን የባለቤትነት ገደብ አንሥቶ፣ በትልልቅ ከተሞች አንድ ኩባንያ እስከ 8 ጣቢያ እንዲይዝ ፈቀደ። በዚህም ዘመን 102.7 እና ሌላው የከተማው የሮክ ጣቢያ 92.3 በአንድ ባለቤት ሥር ዋሉ።

ከዚያ ወዲህ ለውጥ ለውጥን ተከተለ። በሴፕቴምበር 1999 ሙዚቃው ቀርቶ የወግ ፕሮግራም ተተካ። በኦገስት 2002 አንድ ፕሮግራም ከቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል ነውረኛ ድርጊት በስልክ በቀጥታ በማሠራጨቱ ተሰረዘ፤ ኮሚሽኑም በባለንብረቱ ላይ የ357,500 ዶላር ቅጣት አሳለፈ። በ2003 «ብሊንክ»፣ ቀጥሎ «ሚክስ»፣ በ2007 «ፍሬሽ» የሚሉ ስሞች ተፈራረቁ፤ በመጨረሻውም ለውጥ የቀድሞው መለያ ስም ጭምር ቀረ። መለያው በ2016 ቢመለስም፣ የተመለሰው ስሙ እንጂ የቀድሞው አሠራር አልነበረም።

በእርግጥ የአስተዋዋቂው ነፃነት የራሱ ጉድለት ነበረው፤ የጥቂት ሰዎች ምርጫ የብዙኃኑ ምርጫ መስሎ ይቀርብ ነበር። ማስታወቂያ የማያገኝ የንግድ ጣቢያም አይኖርም። ቢሆንም ጣቢያው ከሠላሳ ዓመት በላይ በሮክ ሙዚቃ ጸንቶ ከቆየ በኋላ፣ በስምንት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ መልኩን መለወጡ አንድ ነገር ያስረዳል። አድማጭ የሚለምደው ሞገዱን ሳይሆን፣ በሞገዱ ላይ የሚያምነውን ሰው ነው። በ1964 ለዚያ ሰው ቦታ የከፈተው የመንግሥት ደንብ ነበር፤ በ1996 ያጠበበውም ሕግ ነው። ስለዚህ የሙዚቃ አቀራረብ ጉዳይ ለፕሮግራም ክፍል ብቻ የሚተው አይደለም፤ ደንብ በሚረቀቅበትና ጣቢያ በሚሸጥበት ጊዜ የባለሙያው ድምፅ መሰማት ይኖርበታል።