«የሰማይ ደጅ»፤ የአንድ ፊልም አሠራርና አቀባበል

በኖቬምበር 1980 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው «ሄቨንስ ጌት»፣ በአማርኛ «የሰማይ ደጅ» ሊባል የሚችለው ፊልም፣ በሆሊውድ ታሪክ የክስረት ምሳሌ ሆኖ ሲጠቀስ ኖሯል። (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጥፋቱን በሙሉ በዳይሬክተሩ በማይክል ቺሚኖ ላይ መጫን የተለመደ ነው፤ የፊልሙ አሠራር ሲመረመር ግን ገንዘብ አውጪው ኩባንያ የፈረመው ውል ከዳይሬክተሩ ግትርነት ያላነሰ ድርሻ እንደ ነበረው ይታያል።

ዩናይትድ አርቲስትስ በ1919 በቻርሊ ቻፕሊንና በሦስት ባልደረቦቹ የተቋቋመ፣ ለፊልም ሠሪዎች ነጻነት በመስጠት የታወቀ ድርጅት ነበር። ለረጅም ዘመን የመሩት ሰዎች ባለንብረቱ ከሆነው ከትራንስአሜሪካ ጋር ባለመስማማታቸው በ1978 ለቅቀው ኦራዮን የተባለ የራሳቸውን ኩባንያ መሠረቱ። በእነርሱ ቦታ የተተኩት ኃላፊዎች ስማቸውን የሚያስጠራ ሥራ በቶሎ ይሹ ነበር፤ ቺሚኖ ደግሞ «ዘ ዲር ሀንተር» በተባለው ፊልሙ በኤፕሪል 1979 ምርጥ ዳይሬክተር ተብሎ የኦስካር ሽልማት ተቀበለ፤ ፊልሙ በጠቅላላው አምስት ሽልማቶች አግኝቷል። አዲሱ ሥራ ለ1979 የገና በዓል እንዲደርስ ስለ ተፈለገ፣ ለዚሁ ሲባል የሚወጣው ተጨማሪ ገንዘብ ከበጀት እንደ ማለፍ እንዳይቆጠር በውሉ ተጻፈ። ይህ የካዝና ቁልፍ አሳልፎ ከመስጠት በምንም አይለይም።

የፊልሙ መነሻ በ1892 በዋዮሚንግ፣ በጆንሰን አውራጃ፣ ከብት አርቢ ከበርቴዎች ቅጥር ታጣቂዎችን በትናንሽ ሰፋሪዎች ላይ ያዘመቱበት ታሪክ ነው። ቺሚኖ ሰፋሪዎቹን ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ ድሆች ስደተኞች አድርጎ ሣላቸው። በሞንታና የተጀመረው ቀረጻ ገና በስድስተኛው ቀን ከፕሮግራሙ አምስት ቀን ወደ ኋላ ቀረ። አንድ ትዕይንት ደጋግሞ ማንሣት የዘወትር ሥራ ሆነ፤ ተሠርቶ ያለቀ የከተማ መንገድ ጠበበ ተብሎ ግራና ቀኙ ፈርሶ እንደገና መሠራቱም ይነገራል። የተቀረጸው ፊልም ወደ 1.3 ሚሊዮን ጫማ ደረሰ። ወደ 12 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የታሰበው ወጪ በመጨረሻ 44 ሚሊዮን ግድም ሆነ። የገና ቀጠሮውም ሳይከበር አለፈ፤ የውሉ ልዩ አንቀጽ የተጻፈው ግን ለዚያ ቀጠሮ ነበር።

በዚህ መካከል ወደ ቀረጻው ቦታ እንዳይገባ የተከለከለ አንድ ጋዜጠኛ አጃቢ ተዋናይ ሆኖ ተቀጠረና ያየውን ብክነት በጋዜጣ አወጣ። ስለዚህ ሐያስያኑ አዳራሽ የገቡት የወጪውን ወሬ አስቀድመው ሰምተው ነው። የኒውዮርክ ታይምሱ ቪንሰንት ካንቢ ፊልሙን ፈጽሞ የከሸፈ ሥራ አድርጎ ፈረደበት። ፍርዱ መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም፤ 219 ደቂቃ የሚፈጀው ታሪክ ይንቀራፈፋል፣ ንግግሩም በብዙ ቦታ በጫጫታ ተውጦ አይሰማም። ነገር ግን የቪልሞስ ዢግሞንድ ካሜራ ያነሣው አቧራና ብርሃን፣ ስደተኞቹ በባለ ጎማ ጫማ የሚጨፍሩበት ትዕይንት፣ በሒሳብ መዝገብ የሚመዘኑ አልነበሩም።

ፊልሙ በሳምንቱ ከሲኒማ ቤት ተነሣ። በ1981 ወደ 149 ደቂቃ አጥሮ ቢመለስም ያስገባው ገንዘብ ወደ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነው። በዚያው ዓመት ትራንስአሜሪካ ዩናይትድ አርቲስትስን ለኤም.ጂ.ኤም. ሸጠው፤ ሌሎች ስቱዲዮዎችም በዳይሬክተሮች ላይ ልጓሙን አጠበቁ።

በ2012 የታደሰው ረጅሙ ቅጂ በቬኒስ የፊልም በዓል ሲታይ ቺሚኖ ተገኝቶ በክብር ተቀበሉት። እርሱ ግን ከ1996 ወዲህ ሌላ ሙሉ ፊልም ሳይሠራ በ2016 ዐረፈ።