የውሻው መነጽር፤ አንድ የመኪና ጉዞ በታሪክ መምህር ዓይን

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የታሪክ ክፍለ ጊዜ የሚያልቀው አብዛኛውን ጊዜ በጦርነት፣ በውልና በመንግሥታት መለዋወጥ ላይ መሆኑ ለመምህራን የተሰወረ አይደለም። ሰዎች ከቤተሰባቸው ጋር እንዴት ይጓዙ እንደነበር፣ በምንስ ይደሰቱ እንደነበር የሚነገርበት ጊዜ ግን እጅግ ጥቂት ነው። አንድ ቤተሰብ ልጆቹንና ውሻውን መኪና ውስጥ አስገብቶ ለሽርሽር መውጣቱ ዛሬ በብዙ አገር የተለመደ ነገር ስለሆነ፣ ታሪክ ያለው አይመስልም። ነገር ግን ታሪክ አለው፤ ያውም ውሻው የተገዛበት ዋጋ ሳይቀር የሚታወቅ ታሪክ ነው። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን በ1895 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1903) በአሜሪካ የተደረገ አንድ ጉዞ ነው።

ሆራሺዮ ኔልሰን ጃክሰን የቨርሞንት ክፍለ ግዛት ሰው፣ በሙያው ሐኪም፣ ዕድሜውም 31 ዓመት ነበር። በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በአንድ ክበብ ተቀምጦ ሳለ፣ መኪና ለሀብታም መጫወቻ እንጂ ለረጅም መንገድ አይሆንም የሚል ክርክር ተነሣ። ጃክሰንም በመኪና አገሩን ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ አቋርጣለሁ ብሎ በ50 ዶላር ተወራረደ። የራሱ መኪና አልነበረውም። ሳምንት ሳይሞላ ሁለት ሲሊንደርና 20 የፈረስ ጉልበት ያላት፣ በመጠኑ ያገለገለች ዊንተን መኪና ገዝቶ፣ በሚኖርበት ክፍለ ግዛት ስም «ቨርሞንት» ብሎ ሰየማት። ሲዋል ክሮከር የተባለውንም ወጣት ሜካኒክ ይዞ ግንቦት 15 ቀን ተነሣ። ለ50 ዶላር ውርርድ ሲባል የወጣው ገንዘብ በመጨረሻ 8,000 ዶላር ግድም ደረሰ። ይህን ያስቻለው የሚስቱ የበርታ ቤተሰብ ሀብት መሆኑን መምህሩ ለተማሪዎቹ ቢነግር መልካም ነው፤ አለበለዚያ ማንም ወኔ ያለው ሰው ሊያደርገው ይችል የነበረ ነገር ይመስላቸዋል።

በዚያን ጊዜ ከከተማ ክልል ውጪ የተነጠፈ መንገድ የለም ለማለት ይቻላል። የነበረው የሠረገላ ዱካ፣ የከብት መተላለፊያና የባቡር ሐዲድ ዳርቻ ነው። ጎማ ይፈነዳል፤ መለዋወጫ ጎማ በቴሌግራም ታዝዞ በባቡር እስኪመጣ ቀናት ይጠበቃል፤ ሲቸግርም መንኰራኩሩን በገመድ ጠቅልለው ይነዱ ነበር። የማብሰያ ዕቃቸው አንድ በአንድ እየወደቀ በየመንገዱ ሲቀር፣ የሞተሩ ጩኸት ድምፁን ስለዋጠው አልሰሙም። የተሰበረ ብረት የሚጠግንላቸው የመኪና ጋራዥ ሳይሆን የየመንደሩ ብረት ቀጥቃጭ ነው። በዋዮሚንግ በረሃ 36 ሰዓት ያህል ምግብ ሳይቀምሱ ቆይተው፣ አንድ እረኛ የተጠበሰ የበግ ሥጋና የተቀቀለ በቆሎ አበላቸው። ውለታ የሚረሳ ሰው አልነበረምና ጃክሰን ለእረኛው ጠመንጃውን ሰጠው ይባላል።

ከሁሉ ይልቅ ለክፍል ውይይት የሚጠቅመው ግን የአንዲት ሴት ነገር ነው። በካሊፎርኒያ መንገድ ሲጠይቁ ይህች ሴት ሆን ብላ ወደተሳሳተ አቅጣጫ ሰደደቻቸው። በዚህም የተነሣ 108 ማይል፣ ማለትም 174 ኪሎ ሜትር ያህል ያለአግባብ ተጓዙ። ምክንያቷ ሲጣራ፣ በዚያ አቅጣጫ የሚኖሩት ቤተሰቦቿ መኪና የሚባለውን ነገር በዓይናቸው አይተው ስለማያውቁ እንዲያዩ ብላ ነው። ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ መሳቃቸው አይቀርም፤ ቢሆንም ከሣቁ በኋላ ጥቂት ማሰብ ያስፈልጋል። መኪና ለማየት ብቻ ይህን ያህል የተጓጓበት ዘመን ከእኛ የራቀ አይደለም። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በዚያው በ1895 ዓ.ም. ነበር። ቤንትሌ የተባለው እንግሊዛዊ መኪናውን ይዞ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ አዲስ አበባ፣ ከዐፄ ምኒልክ ዘንድ የደረሰው ደግሞ በ1900 ዓ.ም. ግድም፣ ከጃክሰን ጉዞ አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው።

አሁን ወደ ውሻው እንምጣ። ጃክሰን ከጉዞው መጀመሪያ ጀምሮ ውሻ ቢኖረን ይል ነበር። በአይዳሆ ክፍለ ግዛት ከካልድዌል ከተማ ወጥተው ጥቂት እንደሄዱ ኮቱን ረስቶ መምጣቱን አስታወሰና ተመለሱ። በዚህ መካከል ነው ቡድ የተባለውን ቡልዶግ ያገኘው። የውሻው ስም ከእኛው «ቡቺ» ብዙም አለመራቁ ተማሪዎቹን ያስደስታቸዋል። ነገሩ እንዴት ሆነ ለሚለው ጥያቄ ግን የጊዜው ጋዜጦች የየራሳቸውን ወሬ ጽፈዋል። ውሻው ተሰርቆ ነው የመጣው እስከማለት የደረሱም ነበሩ። ጃክሰን ለሚስቱ በጻፈው ደብዳቤ ግን አንድ ሰው በ15 ዶላር እንደሸጠለት ይናገራል።

እዚህ ላይ መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ ተማሪዎቹን ሊጠይቅ ይገባል። ጋዜጣውን እንመን ወይስ ደብዳቤውን? ጋዜጠኛው አንባቢ የሚስብ ወሬ ይፈልጋል፤ የዓይን ምስክር አይደለም። ደብዳቤው የተጻፈው ነገሩን ባደረገው ሰው እጅ፣ በዚያው ሰሞን፣ ለሕዝብ ሳይሆን ለአንዲት ሰው ነው። ስለዚህ ሚዛኑ ወደ ደብዳቤው ያደላል። ሆኖም ባል ለሚስቱ ሲጽፍ የሚያሳምረው ነገር እንዳለ፣ የተሰረቀ ውሻ ይዣለሁ ብሎም እንደማይጽፍ አንድ ንቁ ተማሪ ቢያነሣ ሊመሰገን ይገባዋል። ስለ ታላላቅ ጦርነቶች ምንጮች የምናስተምረው የማመዛዘን ዘዴ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ልዩነቱ በውሻ ሲጀመር ክፍሉ በሙሉ እጁን ማውጣቱ ነው።

ቡድ በመኪናዋ የፊት ወንበር ላይ መቀመጥን ለመደ። መኪናዋ ክፍት ስለነበረች፣ የዚያ በረሃ ጨዋማ አቧራ ዓይኑን እያቃጠለ አስቸገረው፤ ጃክሰንም እንደራሱና እንደ ክሮከር ሁሉ ለውሻው የአቧራ መነጽር አደረገለት። ውሎ አድሮ ቡድ መንገዱን ከፊት እየተመለከተ፣ ጉድጓድ ሲመጣ ቀድሞ ራሱን ያዘጋጅ ጀመር። ከሦስቱ መካከል በጉዞው ሁሉ አንድም የስድብ ቃል ያልተናገረ እርሱ ብቻ ነው እያለ ጃክሰን ይቀልድ ነበር። በየከተማው የሚሰበሰበው ሕዝብና ፎቶግራፍ አንሺው ከሐኪሙ ይልቅ ባለመነጽሩን ውሻ ያይ ጀመር።

ይህ እንደ ቀልድ ቢታይም ለታሪክ ፍሬ ነገር አለው። ለተራው ተመልካች መኪና እስከዚያ ድረስ የምትጮህ፣ የምትሸትና ፈረስ የምታስደነብር መሣሪያ ነበረች። ውሻ ግን የቤት ነው። ውሻው ተዝናንቶ የተቀመጠበት ነገር እንግዳ መሣሪያ መሆኑ ይቀርና የቤት አካል ይመስላል። መኪናን ለቤተሰብ ለመሸጥ ብዙ የጣሩት ነጋዴዎች ከዚያ በኋላ በብዙ ድካም ያመጡትን ሥዕል ቡድ ሳያስበው አስቀድሞ ሰጥቷል ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። እኛም ብንሆን በበዓል ዋዜማ ልጆች፣ ዶሮና በግ አንድ ላይ ተጭነው ወደ አያት ቤት የሚኬድበትን መኪና የምናስታውሰው በሞተሩ ጉልበት አይደለም።

ሐምሌ 19 ቀን ኒው ዮርክ ሲገቡ ጉዞው 63 ቀን ከግማሽ ያህል ወስዶ ነበር። ከዚያ ወደ በርሊንግተን፣ ወደ ቤት የተደረገው ጉዞ ግን ከሁሉ ይበልጥ የቤተሰብ ጉዞ ነው። ቤታቸው ሊደርሱ 24 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀራቸው ቨርሞንት ቆመች። ሁለት ወንድሞቹ እያንዳንዳቸው በየመኪናቸው ሊረዱት መጡ፤ የእነርሱም መኪናዎች ተበላሹ። በዚህ ጊዜ ቨርሞንት ተነሣችና ሁለቱን እየጎተተች ወደ ቤት ገባች። አገሩን ሁሉ ሲያቋርጥ ሳይለወጥ የቆየው የመኪናዋ ሰንሰለት የተበጠሰው ልክ በጋራዡ ደጃፍ ላይ ነው። ጥቂት ወራት ቆይቶም ጃክሰን በዚያው በበርሊንግተን ከተማ በሰዓት ከ6 ማይል በላይ ነድተሃል ተብሎ ተቀጣ። ቡድ ቀሪ ዕድሜውን ከቤተሰቡ ጋር ኖረ።

ይህ ሁሉ ሲነገር ደስታው ለሁሉም እኩል እንዳልነበረ መዘለል የለበትም። ጃክሰን በደረሰበት ሁሉ ሕዝብ እየተሰበሰበ ተቀብሎታል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ መኪና የየቤቱ ሲሆን፣ ጥቁር አሜሪካዊ አባት ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ሲወጣ አልጋ የሚያከራየው ሆቴልና ምግብ የሚሸጥለት ቤት ማግኘቱን እርግጠኛ አልነበረም። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1936 ቪክተር ሁጎ ግሪን የተባለ የኒው ዮርክ የፖስታ ሠራተኛ ጥቁር መንገደኞችን የሚያስተናግዱ ቤቶችን የሚዘረዝር መጽሐፍ ማሳተም ጀመረ። መጽሐፉ እስከ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ ሲታተም ቆይቷል። ሁለቱን ጉዞዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማስተማር አንዱን ብቻ ከማስተማር የበለጠ ጠቃሚ ነው።

ጃክሰን መኪናዋን እ.ኤ.አ. በ1944 በዋሽንግተን ለሚገኘው ለስሚዝሶኒያን ቤተ መዘክር ሰጠ። የቡድን መነጽርም አብሮ ሰጥቷል። አንድ መምህር ይህን ታሪክ በክፍል ለማቅረብ ቢፈልግ፣ ተማሪዎቹ ከቤታቸው አንድ የቆየ የቤተሰብ ፎቶግራፍ፣ በተለይ መኪና ወይም እንስሳ ያለበትን፣ እንዲያመጡ አስቀድሞ ሊነግራቸው ይችላል። ከዚያም ፎቶግራፉን ማን አነሣው፣ መኪናው የማን ነበር፣ ወዴት ይኬድ ነበር፣ ከፎቶግራፉ ውጪ የቀረውስ ማን ነው ብለው አያቶቻቸውን ጠይቀው መልሱን ጽፈው እንዲመጡ ማድረግ ነው።