ሁለቱ 1967ዎች
(ስለ ምንጭ አጠቃቀስ)

ምንጭ መጥቀስ ለመምህር ደስ እንዲለው ተብሎ በጽሑፍ ጫፍ የሚንጠለጠል ጌጥ የሚመስለው ተማሪ ጥቂት አይደለም። ነገሩ ግን ሌላ ነው። የምስክርን ስምና ዘመን ማዛባት ታሪኩን ራሱን ማዛባት ነው። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ማስረጃው እዚሁ አርሲ አለ።

ከአዳማ ተነሥቶ በዴራ በኩል ወደ አሰላ የሚወጣው አገር ቀድሞ የጭላሎ አውራጃ ነበር። ካዱ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው በ1967 እ.ኤ.አ. ነው። እርሻው ትርፍ ሲያመጣና ትራክተር ሲበዛ ብዙ ባለመሬት ጭሰኛውን አባረረ። የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ደግሞ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ልብ በሉ! አኃዙ አንድ ነው፤ በመካከሉ ግን ሰባት ዓመት ተኩል ያህል አለ። አንዱ «ካዱ በ1967 ተቋቋመ» ብሎ ዝም ቢል፣ ጭሰኛው የተባረረው ከአዋጁ በኋላ ሊመስል ነው። ምክንያትና ውጤት ቦታ ተለዋወጡ ማለት ነው።

የስሙም ጣጣ እንደዚሁ ነው። የደራሲን ስምና ዓመትን በቅንፍ ማስገባት የተጀመረው ኤድዋርድ ማርክ በሚባል የሐርቫርድ የእንስሳት ጥናት ሊቅ፣ በ1881 እ.ኤ.አ. እንደ ሆነ ይነገራል። ስልቱ የቤተሰብ ስም ላለው አገር ይስማማል። የእኛ ሁለተኛ ስም ግን የአባት ነው። ባሕሩ ዘውዴ በ1991 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ያሳተሙትን የዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪክ «ዘውዴ (1991)» ብንለው፣ ልጅ የደከመበትን ለአባት ሰጠን። ይባስ ብሎ ዘውዴ ረታ የሚባሉ ሌላ የታሪክ ጸሐፊም ነበሩ። አንባቢው ታዲያ የማንን መጽሐፍ ይፈልግ?

ምን ይሻላል? የግርጌ ማስታወሻም ሆነ ቅንፍ፣ ትምህርት ክፍላችሁ የሚቀበለውን አንዱን ምረጡ፤ ከመረጣችሁ ወዲያ እስከ መጨረሻው ገጽ አትለዋውጡ። ለታሪክ የግርጌ ማስታወሻ ይመቻል፤ ሽማግሌ የነገሩንን፣ የትና መቼ እንደ ነገሩን ለማስፈር ቦታ አለውና። የኢትዮጵያዊን ስም ከነአባቱ ጻፉ። ከዓመቱ አጠገብ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. አይጥፋ። ከኋላችን የሚመጣ ተማሪ ጽሑፋችንን ይዞ ዴራ ካሉት ሽማግሌ ደጅ መድረስ ከቻለ፣ ያን ጊዜ በእርግጥ ምንጭ ጠቅሰናል።