የአሮጌ ሃይሉክስ የኤሌክትሪክ ብልሽት አፈላለግ

የአሮጌ ሃይሉክስ የኤሌክትሪክ ብልሽት አፈላለግ ማለት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የተሠሩ፣ 2ኤል ወይም 3ኤል የተባለውን የናፍጣ ሞተር የያዙ የቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ መኪኖች የማይነሱበትን፣ መብራታቸው የሚደክምበትን ወይም ባትሪያቸው በቆሙበት የሚያልቅበትን ምክንያት በመለካት የማግኘት ሥራ ነው። ሃይሉክስ እ.ኤ.አ. በ1968 በጃፓን መመረት የጀመረ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ለመስክ ሥራና ለገጠር መንገድ ለረጅም ጊዜ ሲያገለግል የቆየ መኪና ነው። በእነዚህ ሞተሮች ላይ የተለመደው የናፍጣ ፓምፕ በሜካኒካል መንገድ ስለሚሠራ የኤሌክትሪክ ሥርዓቱ ቀላል ነው። ይሁን እንጂ ንዝረት፣ አቧራና ጭቃ ማያያዣዎችን ይጎዳሉ። በመሆኑም ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ዕቃው ሳይሆን ዕቃውን ከባትሪው ጋር የሚያገናኘው መስመር ነው፤ ሳይለኩ ባትሪ፣ ሞተሪኖና ዲናሞ በየተራ መቀየር ገንዘብ ያስጨርሳል እንጂ ብልሽቱን አያጠፋም።

የመመለሻ መስመር

ኤሌክትሪክ ከባትሪው ፖዘቲቭ ወጥቶ ሥራውን ከሠራ በኋላ ወደ ኔጋቲቩ መመለስ አለበት። በመኪና ላይ ይህን መመለሻ የሚሸከመው በአብዛኛው ብረቱ ራሱ ማለትም ሞተሩ፣ ሻንሲውና ቦዲው ሲሆን በጋራዥ ግራውንድ ይባላል። ሞተሩ በጎማ ላይ ስለተቀመጠ ከቦዲው ጋር በሽቦ መያያዝ አለበት። ይህ ሽቦ ሲዝግ ወይም ከጥገና በኋላ ሳይታሰር ሲቀር ኤሌክትሪኩ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ በነዳጅ መስጫው ኬብል በኩል አልፎ ኬብሉን እስከማጋል የሚደርስበት ጊዜ አለ። የኋላ መብራቶች ግራውንድ ሲላላ ደግሞ ፍሬን ሲያዝ ፍሬቻው ወይም የመኪና ማቆሚያው መብራት አብሮ ይበራል። እንዲህ ያለ ግራ የሚያጋባ ምልክት ሲታይ አምፖል ከመቀየር በፊት ግራውንዱን ማጽዳት ይሻላል። በቶዮታ መኪኖች የግራውንድ ሽቦ ነጭ ሆኖ ጥቁር መስመር ያለበት በመሆኑ ፍለጋውን ያቀላል።

የትንሽ ተቃውሞ ጉዳት ከኦም ሕግ ይታያል። የናፍጣ ሞተር ሞተሪኖ 200 አምፒር ቢስብና በመስመሩ ላይ 0.01 ኦም ብቻ ተቃውሞ ቢኖር 2 ቮልት እዚያው ይጠፋል። ይህን የኦም መለኪያ አያሳይም፤ ከብዙ ክሮቹ አንዱ ብቻ የቀረው ኬብልም በኦም መለኪያ ደህና ይመስላል። ትክክለኛው ዘዴ ኤሌክትሪኩ እየሄደ መለካት ነው። የቮልት መለኪያው አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ምሰሶ ላይ፣ ሌላው በሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ ይደረግና ሞተሪኖው ሲዞር ይነበባል። ንባቡ ከ0.2 ቮልት እጅግ ከበለጠ ግራውንዱ ተበላሽቷል። በፖዘቲቩ በኩልም ከባትሪው እስከ ሞተሪኖው በተመሳሳይ መንገድ ይለካል፤ እዚያ እስከ 0.5 ቮልት ድረስ ይፈቀዳል።

መኪናው ሲያስቸግር

መጀመሪያ የሚለካው ባትሪው ነው። ሙሉ የሆነ የ12 ቮልት ባትሪ ቆሞ ሳለ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12.2 ላይ ግማሽ ያህል ወርዷል። ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል ወይም ሞተሪኖው ከመጠን በላይ እየሳበ ነው።

ባትሪው ደህና ሆኖ ቁልፍ ሲዞር አንድ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ብቻ ከተሰማ፣ በሞተሪኖው ውስጥ ያሉት የመዳብ መገናኛዎች ተበልተው ሊሆን ይችላል። ሞተሪኖ (ቃሉ እንደ ፍሬቻ ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው) በዚህ ምክንያት ብቻ ተጥሎ ሙሉ በሙሉ ይቀየራል፤ መገናኛዎቹን ብቻ መቀየር ግን ይቻላል፣ ዋጋውም በጣም ያነሰ ነው። ሞተሪኖው በደንብ እየዞረ ሞተሩ የማይነሳ ከሆነ ደግሞ በናፍጣ ፓምፑ ላይ ያለውን የነዳጅ መዝጊያ ማየት ያስፈልጋል። ቁልፉ ሲከፈት 12 ቮልት ካልደረሰው ናፍጣ አያሳልፍም። ሽቦው ከላላ በጉዞ ላይም ሞተሩን ድንገት ያጠፋል።

የፊት መብራት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ክፍል ነው። በብዙዎቹ አሮጌ ሃይሉክሶች የመብራቱ ማብሪያ የሚያገናኘው ፖዘቲቩን ሳይሆን ግራውንዱን ነው። ስለዚህ የመስመሩ መብራት ሳይበራ እንኳ በአምፖሉ በኩል ሁለቱም ሽቦዎች ፖዘቲቭ ሊያሳዩ ይችላሉ፤ ይህን የማያውቅ ሰው «ሾርት አለ» ብሎ ደህናውን ሽቦ ይቆርጣል።

ባትሪ መሙላትና ማለቅ

ሞተሩ እየሠራ በባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካለ ዲናሞው ይሠራል። ዲናሞ መቀየር ካስፈለገ አንድ ነገር ከኤሌክትሪክ ባሻገር ይታያል። በእነዚህ የናፍጣ ሞተሮች ላይ የፍሬኑን ማገዣ የሚስበው የቫኩም ፓምፕ ከዲናሞው ኋላ ተያይዟል። ፓምፕ የሌለው ዲናሞ ከተገጠመ መኪናው ቻርጅ ያደርጋል፣ ፍሬኑ ግን ያለ ማገዣ ይቀርና እጅግ ይከብዳል።

መኪናው በቆመበት ባትሪ የሚያልቅ ከሆነ የኔጋቲቩ ኬብል ተፈትቶ በመካከል የአምፒር መለኪያ ይገባል። በዚህ ጊዜ ቁልፍ አይዞርም፤ የሞተሪኖው ኃይል መለኪያውን ያቃጥለዋል። በሮች ተዘግተው ከ0.05 አምፒር ገደማ በላይ ከታየ የሚስብ ነገር አለ ማለት ነው። 0.5 አምፒር ትንሽ ይመስላል፣ በ24 ሰዓት ግን 12 አምፒር ሰዓት ይወስዳል። ፊውዞች አንድ በአንድ ሲነቀሉ ንባቡ የወረደበት መስመር ይመረመራል። በየትኛውም ፊውዝ ካልወረደ የዲናሞው ወፍራም ሽቦ፣ አስቀድሞ ከባትሪው ተለያይቶ፣ ይፈታል፤ የተበላሸ ዳዮድ በፊውዞቹ ሳያልፍ ባትሪ ያፈሳልና።

ፊውዝ ደጋግሞ የሚቃጠል ከሆነ በትልቅ ፊውዝ ወይም በሽቦ ቁራጭ መተካት አደገኛ ነው። 15 አምፒር የሚሸከም ሽቦ ላይ 30 አምፒር ፊውዝ ከገባ ከፊውዙ በፊት የሚቃጠለው በኩሩሽኮቱ ሥር የተጠቀለለው ሽቦ ይሆናል። ከባትሪው አጠገብ ያለው የሚቀልጥ ማያያዣም ዋና ፊውዝ ነው፤ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ሲጠፋ የሚታየው እሱ ሲሆን፣ የሚተካውም በራሱ ዓይነት ብቻ ነው። ሥራው ሲጀመር ኔጋቲቩ ይቀድማል፤ ፖዘቲቩ መጀመሪያ ከተፈታ ቁልፉ ቦዲውን ሲነካ ብልጭታ ያስነሳል። ሲታሰር ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል።