ከሞንታርቦ እስከ ራዲዮ፦ ታዳጊዎች የራሳቸውን ታሪክ በድምፅ የሚናገሩበት መንገድ

በአገራችን አብዛኛው ታዳጊ ከራዲዮ ሥራ ጋር የሚተዋወቀው በትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ክበብ ነው። ለክበቡ ማይክራፎን፣ አምፕሊፋየርና ውጭ የተሰቀለ ሞንታርቦ ይበቃዋል። ተማሪዎች በጠዋት ሰልፍና በእረፍት ሰዓት ዜና፣ ማስታወቂያ፣ ግጥም፣ ጥያቄና መልስ ያነባሉ። በመሐል ሜዳም ሆነ በሞላሌ፣ በራቤልም ሆነ በዓለም ከተማ ለሚማር ልጅ ወደ ጋዜጠኝነት የሚያስገባው የቅርቡ በር ይኸው ክበብ ነው። ይሁን እንጂ በሞንታርቦው የሚሰማው አብዛኛው ነገር ከመጽሐፍ፣ ከጋዜጣ ወይም ከስልክ የተገለበጠ ነው። የልጁ መንደር፣ ቤቱና ጥያቄው ግን እምብዛም አይሰማም።

ምንነቱ

የታዳጊዎች የራዲዮ ጋዜጠኝነት ታዳጊዎች ራሳቸው ርዕስ መርጠው፣ ሰው ጠይቀው፣ ድምፅ ቀድተውና አስተካክለው የሚያቀርቡት ሥራ ነው። ከዓይነቶቹ አንዱ የድምፅ ዲያሪ ነው፤ ልጁ መቅጃውን ለሳምንታት ወይም ለወራት ይዞ የዕለት ኑሮውን በራሱ አንደበት ይተርካል።

ጆ ሪችማን የተባለው አሜሪካዊ የራዲዮ አዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1996 ለታዳጊዎች መቅጃ እየሰጠ ሕይወታቸውን እንዲቀዱ ማድረግ ጀመረ። በዚሁ መንገድ በኬፕ ታውን የካዬሊሻ ነዋሪ የነበረችው ወጣት ቴምቢ ንጉባኔ ከኤች አይ ቪ ጋር የምትኖረውን ኑሮ አንድ ዓመት ያህል ቀድታለች፤ ዝግጅቱም እ.ኤ.አ. በ2006 በራዲዮ ተላልፏል።

በእኛም አገር «ቤተኛ» የተሰኘው የራዲዮ ዝግጅት ቫይረሱ በደማቸው ያለ ወገኖች ታሪካቸውን በራሳቸው ድምፅ እንዲያካፍሉ አድርጓል። በ2005 ዓ.ም. የጀመረው «የኛ» ደግሞ በአዲስ አበባና በአማራ ክልል የልጃገረዶችን ጉዳይ በድራማና ድራማውን ተከትሎ በሚካሄድ ውይይት አሰምቷል። ሁለቱ የሚለያዩበት ነጥብ መዘንጋት የለበትም። ድራማውን ደራሲ ይጽፈዋል፤ ተዋናይ ይጫወተዋል። በዲያሪ ግን ተናጋሪውም ባለታሪኩም አንድ ሰው ነው።

ዜና የማጣራት ልማድ

ከመንዝና ከግሼ ደጋ በስተምሥራቅ ቁልቁል ሲወረድ በአፋር ቆላ «ዳጉ» የሚባል የቆየ የወሬ ልውውጥ አለ። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ፤ ወሬው ከማን እንደተሰማም ይጠያየቃሉ። ሐሰት የሚያወራ ሰው አመኔታ ያጣል። ሐዲስ የተማረ ልጅም ዘገባ ያለ ኢስናድ፣ ማለትም ያለ ተራኪዎች ሰንሰለት፣ ክብደት እንደሌለው ያውቃል። ሱረቱል ሑጁራት ቁጥር 6 ላይ ያለው የማጣራት ትእዛዝም ለታዳጊው አዲስ አይደለም። አሠልጣኙ «ያየኸውን፣ የሰማኸውንና የገመትኸውን ለየብቻ ተናገር» ሲለው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል።

አሠራሩ

ለጅማሬ ድምፅ የሚቀዳ ስልክ ይበቃል። ስልኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ትንሽ ወደ ጎን ይያዛል። በደጋው ነፋስ ስለሚያስቸግር ቀረጻው ከግድግዳ ከለላ ወይም ቤት ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። ጋቢ ወይም የመንዝ ባና በግድግዳ ላይ ቢሰቀል የክፍሉን ማስተጋባት ይቀንሳል።

ጥያቄው «አዎ» ወይም «አይ» ተብሎ የሚዘጋ አይሁን። «ትምህርት ቤቱ ይርቅሃል?» ከማለት «ከቤት ወጥተህ ክፍል እስክትገባ ያለውን መንገድ ንገረኝ» ማለት ይሻላል። የበጎች ድምፅ፣ የገበያ ጫጫታና የወፍጮ ድምፅ ለብቻቸው ይቀዱ፤ አድማጩን ወደ ቦታው የሚወስዱት እነሱ ናቸው። ለመጀመሪያ ሥራ ሦስት ደቂቃ በቂ ነው።

የት ይሰማል?

የኤፍ ኤም ሞገድ በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ ተራራ ይጋርደዋል። ስለዚህ የጀማና የወንጪት ሸለቆዎች በቆራረጡት አገር ጣቢያው ቅርብ ቢሆንም ከጋራው ጀርባ ላይሰማ ይችላል። የተጠናቀቀው ሥራ መጀመሪያ በሚኒ ሚዲያው ይሰማ። ቀጥሎ መንዙማና ዘፈን እንደሚዘዋወሩት ሁሉ በሜሞሪ ካርድና በብሉቱዝ ከስልክ ስልክ ሊተላለፍ ይችላል። የተሻለው ሥራ ደግሞ ደብረ ብርሃን ኤፍ ኤም 91.4ን ለመሰሉ ጣቢያዎች ሊቀርብ ይችላል። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013ም ከንግድና ከሕዝብ ብሮድካስት ጎን ለማኅበረሰብ ብሮድካስት ቦታ ሰጥቷል።

የልጁ ደኅንነት

ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 12 እና 13 ልጆች የመደመጥና ሐሳባቸውን የመግለጽ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። መብቱ ግን ከጥበቃ ጋር ካልሄደ ልጁን ሊጎዳው ይችላል። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር ጦርነቱ ሰሜን ሸዋ ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም የክልሉ ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ አንድ ልጅ ስለ መንደሩ የተናገረው ቃል ለራሱም ለቤተሰቡም አደጋ ሊያመጣ ይችላል።

ስም መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ ጎረቤት ሰውን በድምፁ ይለየዋል። ስለዚህ ከቀረጻ በፊት የልጁም የወላጁም ፈቃድ ይጠየቅ። ሥራው ከመሰማቱ በፊት ልጁ ሙሉውን አድምጦ «ይህን አውጡልኝ» የማለት መብት ይኑረው። ያለዕድሜ ጋብቻን ወይም የቤት ውስጥ ጥቃትን የሚመለከት ታሪክ ሲመጣ አሠልጣኙ መቅጃውን አጥፍቶ አስቀድሞ ልጅቷ እርዳታ የምታገኝበትን መንገድ ይፈልግ። ታጣቂን፣ የጦር እንቅስቃሴን ወይም የሰው መደበቂያን የሚጠቁም ቃል ከቅጂው ይውጣ፤ ዋናው ቅጂም አብሮ ይሰረዝ።

ሚኒ ሚዲያ ያለው ትምህርት ቤት ይህን ለመጀመር አዲስ ሕንፃ አያስፈልገውም። በሳምንት አንድ ቀን ከሚነበበው ዝግጅት ላይ ሦስት ደቂቃ ቀንሶ ተማሪው ራሱ ጠይቆ፣ አጣርቶና አስፈቅዶ ላመጣው ድምፅ መስጠት ይችላል።