የሌሎች ሃይማኖቶች ጥያቄ በበርሚንግሃም፦ የጆን ሂክና የሌስሊ ኒውቢጊን ነገረ መለኮት

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእንግሊዟ በርሚንግሃም ፋብሪካዎች የሰው ጉልበት አጥሯቸው ስለ ነበር ከካሪቢያን ደሴቶች፣ ከፑንጃብና ከካሽሚር ብዙ ሠራተኞች ገቡ። የመጡትም ከነሃይማኖታቸው ነበር፤ ውሎ አድሮ መስጊድ፣ የሂንዱ ቤተ መቅደስና ጉርድዋራ የሚባለው የሲኮች ጸሎት ቤት ከአብያተ ክርስቲያናት ጎን ቆሙ። ብዙው የከተማዋ ክርስቲያን ከሚስዮናውያን ደብዳቤ ብቻ ያውቀው የነበረ የሌላ እምነት ተከታይ ጎረቤቱና የሥራ ባልደረባው ሆነ። ክርስቶስ የዓለም መድኅን ከሆነ የእነዚህ ሰዎች ድኅነት እንዴት ይታያል? በዚችው ከተማ የሠሩ፣ ሁለቱም የተባበረችው ተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች የነበሩ ሊቃውንት ለዚህ ጥያቄ የማይታረቅ መልስ ሰጥተዋል።

ጆን ሂክ በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። በወጣትነቱ ጥብቅ ወንጌላዊ ነበር። በከተማዋ ዘረኝነትን ለመከላከል ከሙስሊሞች፣ ከአይሁድ፣ ከሲኮችና ከሂንዱዎች ጋር ሲሠራ ግን በየቤተ አምልኳቸው እየተገኘ ጸሎታቸውን ተከታተለ። ቋንቋውና ሥርዓቱ ቢለያይም ሰዎቹ ከእነሱ ለሚልቅ አምላክ ልባቸውን ሲከፍቱ፣ ወደ ፍቅርና ወደ ፍትሕም ሲጠሩ አየ። በ1989 ባሳተመው ታላቅ ሥራው ሃይማኖቶች ሁሉ ከሰው መረዳት በላይ ለሆነ አንድ እውን ነገር የተሰጡ ልዩ ልዩ ምላሾች ናቸው ይላል። መመዘኛውም ፍሬያቸው ነው፤ ሰውን ከራስ ወዳድነት ማላቀቃቸው። ይህ አቋም ዋጋ አስከፍሎታል። በ1977 እሱ ባዘጋጀው የጋራ መጽሐፍ ላይ እንደ ታየው፣ ምሥጢረ ሥጋዌን ቃል በቃል መቀበሉን ትቶ እንደ ዘይቤያዊ አነጋገር እስከ መውሰድ ደርሷል።

ሌስሊ ኒውቢጊን በ1974 ወደ እንግሊዝ ሲመለስ በደቡብ ሕንድ ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በላይ ኖሮ፣ ጵጵስና ተሹሞ ነበር። በካንቺፑራም ከራማክሪሽና ሚሽን መነኮሳት ጋር ወለል ላይ እየተቀመጠ ኡፓኒሻዶችንና የዮሐንስን ወንጌል አብሯቸው አጥንቷል። በመነኮሳቱ አዳራሽ የታላላቅ የሃይማኖት መምህራን ሥዕሎች ተሰቅለው ነበር፤ የኢየሱስም ሥዕል ነበረበት፤ በየዓመቱ በልደት ቀን አምልኮ ይቀርብለት ነበር። ኒውቢጊን ይህን የሂንዱዎች ወደ ክርስትና መቅረብ አድርጎ አላየውም። በእርሱ ዕይታ ኢየሱስ ቀድሞ በተዘጋጀ የሂንዱ ዓለም አተያይ ውስጥ አንድ ስፍራ ተሰጥቶት መቀመጡ ነበር። የምዕራቡም ብዝኃነት ይህንኑ እንደሚያደርግ፣ እሱም በ1989 ባሳተመው መጽሐፍ ሞግቷል። ዝሆንን እየዳሰሱ የሚከራከሩትን ዕውራን ታሪክ የሚተርክ ሰው ዝሆኑን ሙሉውን አይቻለሁ ማለቱ ነው፤ ሃይማኖቶች ሁሉ ከፊል እይታ ናቸው የሚልም እንደዚያው ከሁሉ በላይ ቆሞ ይናገራል። ሆኖም ኒውቢጊን የእግዚአብሔርን ጸጋ በቤተ ክርስቲያን አባላት ብቻ አልወሰነም፤ ክርስቲያን ያልሆነ ሁሉ ጠፍቷል ማለትንም አልተቀበለም።

ኒውቢጊን ስለ ሉላዊነት የሰጠው ማስጠንቀቂያ ከሁሉ በላይ የሚቆም እይታ የለም ከሚለው ክርክሩ የሚቀዳ ነው። ዓለምን የሚያዳርሰው ዘመናዊ ባህል ገለልተኛ መድረክ አይደለም፤ ሳይንስንና ገበያን ለአደባባይ፣ እምነትን ለጓዳ የሚመድብ የራሱ እምነት አለው። በዚህ ነጥብ ክርክሩ ከሂክ ይጠነክራል። ሂክ የጠቆመው የጎረቤት ቅድስና ጥያቄ ግን አልተመለሰም፤ ክርስቲያኖች በምግባር ከሌሎች እንደማይበልጡ በዓይን የሚታይ ከሆነ፣ የክርስቶስ ልዩነት በሕይወት የሚገለጠው የት ላይ ነው?

ሁለቱም በቂ ስፍራ ያልሰጡት ጉዳይ አለ። ሠራተኞቹን ወደ በርሚንግሃም ያመጣቸው የኢኮኖሚ ሥርዓት፣ የደመወዛቸውና የክብራቸው ጥያቄ፣ ሂክ በተግባር ቢታገልለትም በንድፈ ሐሳቡ መሐል ላይ የለም። ይህን ከሃይማኖት ጥያቄ ጋር ያሰሩት እስያውያን ናቸው። የእስያ የካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤዎች ፌዴሬሽን በ1974 ታይፔ ላይ ተሰብስቦ ቤተ ክርስቲያን ከድሆች፣ ከባህሎችና ከሃይማኖቶች ጋር በአንድነት እንድትነጋገር ጠየቀ። የስሪላንካው ኢየሱሳዊ አሎይሲየስ ፒየሪስም ድህነትንና ሃይማኖተኛነትን መነጣጠል እስያን አለማወቅ ነው ባይ ነው። ለእርሱ የወንጌል ባላንጣ ገንዘብን ማምለክ እንጂ ቡድሂዝም አይደለም፤ የቡድሂስት መነኩሴ በፈቃዱ የመረጠው ድህነትና ክርስቲያኑ በግድ ለደኸዩት የሚያደርገው ትግልም አንዱ ሌላውን ይፈልጋል።