ፊት በር፦ የጎንደር ቤተ መንግሥት መግቢያና የበሮቹ ስም

ከሲያትል ለእረፍት ወደ ጎንደር የሚሄድ ቤተሰብ ፋሲል ግቢን ሳያይ አይመለስም። ልጆቹ ከግንቡ ሥር ቆመው ፎቶ ይነሣሉ፤ ፎቶው ለአያትና ለአክስት ይላካል፤ ጉብኝቱም በዚያው ያበቃል። ያለፉበት በር ማን እንደሚባል የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ስለ ግንቡ ሳይሆን ስለ በሩ ለመጻፍ የተነሣሁት ለዚህ ነው። በሮቹ ስም አላቸው። የጎንደር መንግሥት እንዴት ይሠራ እንደነበረ ለማወቅ የፈለገ ሰው ከግንቡ ቁመት ይልቅ ከበሮቹ ስም ብዙ ይማራል። (ለልጆቻችን እንዲመች ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር አድርጌያቸዋለሁ።)

ግቢውን የሚከበው የድንጋይ አጥር ርዝመቱ 900 ሜትር ነው። ቀስ ብሎ ለሚራመድ ሰው የሩብ ሰዓት መንገድ ቢሆን ነው። በዚህ አጥር ላይ 12 በሮች አሉ። አካፍለን ብናየው በየ75 ሜትሩ አንድ በር ማለት ነው። ጠላትን ለመከላከል ብቻ የሚሠራ ምሽግ ይህን ያህል በር አያበዛም፤ እያንዳንዱ በር በጦርነት ጊዜ ጠባቂ የሚፈልግ ክፍተት ነውና። ታዲያ ለምን በዛ?

መልሱ ያለው ከጎንደር በፊት በነበረው ልማድ ይመስለኛል። ዐፄ ፋሲል በ1636 ጎንደርን ከመቆርቆራቸው በፊት፣ ለብዙ ዘመን የኢትዮጵያ ነገሥታት ከተማ ድንኳን ነበር። ንጉሡ ሲንቀሳቀስ ከተማው አብሮ ይነሣል፤ ንጉሡ ሲሰፍር እንደገና ይተከላል። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዐፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር አይቶ፣ ድንኳኑ በሜዳ ላይ ቢዘረጋም ማን በቀኝ፣ ማን በግራ፣ ዳኛው የት፣ ቤተ ክርስቲያኑ የት እንደሚሆን የተወሰነ ሥርዓት እንደነበረው ጽፏል። ፊታውራሪ፣ ቀኝ አዝማችና ግራ አዝማች የሚሉት ማዕረጎችም የተወለዱት ከዚሁ አሰፋፈር ነው። ፋሲል ድንኳኑን በድንጋይ ሲተኩት ሥርዓቱን አልጣሉትም። ለእያንዳንዱ ወገን በቀድሞው ሰፈር የነበረውን ቦታ በበር አጸኑለት።

የዋናው መግቢያ ስም ፊት በር ነው፤ ጃን ተከል በርም ይባላል። የሚከፈተው ወደ አደባባይ ነው። ዛሬ አደባባይ ስንል መኪና የሚዞርበትን ክብ እናስባለን። በጎንደር ግን አደባባይ ከዚህ በር ፊት ያለው ሜዳ ነበር፤ «አደባባይ ወጣ» ሲባል ነገሩ በሕዝብ ፊት ታየ ማለታችንም ለዚህ ዓይነቱ ሜዳ ይስማማል። እዚያው ዛሬም በከተማው ሰው ዘንድ የታወቀው የጃን ተከል ዋርካ አለ። «ጃን» ጃንሆይ ስንል የምናውቀው የንጉሥ መጠሪያ ነው፤ ስሙንም ንጉሥ የተከለው ብለው ይፈቱታል። አዋጅ በነጋሪት የሚነገረው፣ ፍርድ የሚፈጸመው እዚህ ነበር። በ1770 ጎንደር የደረሰው የስኮትላንዱ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በቤተ መንግሥቱ ፊት ሰው ሲገደልና ሬሳው ሳይቀበር ሲቀር ማየቱን ጽፏል። ስለዚህ ልጆቻችን በዋርካው ጥላ ሥር ሲሮጡ ብናይ ደስ ይበለን እንጂ፣ ቦታው የተድላ ብቻ እንዳልነበረ እናስታውስ።

ብሩስ ሌላም ነገር ይነግረናል። በደል የደረሰበት ሰው ወደ ቤተ መንግሥቱ ቀርቦ ንጉሡ እስኪሰማው ድረስ «ጃን ሆይ!» እያለ ይጮህ ነበር። በክረምት ወንዝ ሲሞላና ባለጉዳይ ሲጠፋ፣ ንጉሡ ብቸኝነት እንዳይሰማው ተከፍሏቸው የሐሰት አቤቱታ የሚያሰሙ ሰዎች ነበሩ ይላል። ብሩስ ወሬ ማሳመር ይወድ ነበርና ሁሉን እንዳለ መቀበል አያስፈልግም። ቢሆንም የፊት በር ሥራ ምን እንደነበረ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር አላነበብኩም። ንጉሡ ከአጥሩ ውስጥ አይታይም፤ የሕዝቡ ድምፅ ግን ማለፍ ነበረበት።

ሌሎቹ በሮች ደግሞ የየራሳቸው እንግዳ አላቸው። ወምበር በር የዳኞች ነው። እምቢልታ በር የእምቢልታ ነፊዎች ነው፤ እምቢልታና ነጋሪት ያኔ መዝናኛ ብቻ ሳይሆኑ የሥልጣን ምልክት ስለነበሩ ለነፊዎቹ በር መሰየሙ አያስገርምም። ባልደራስ በር የፈረሰኞች አለቃ፣ እልፍኝ በር ወደ ነገሥታቱ የግል መኖሪያ የሚያስገባ። ራስ በር የቋረኞች በርም ይባላል። እንቆዬ በር የእቴጌ ምንትዋብ እናት ስም ነው። እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ ያነበበ ሰው በ18ኛው መቶ ዘመን ሥልጣን ወደ ማን እንደዞረ ያለ መጽሐፍ ይረዳዋል፤ እቴጌይቱ የቋራ ልጅ ነበሩና።

ከሁሉም እኔን የሚማርከኝ ድልድይ የነበራቸው በሮች ነገር ነው። አዛዥ ጠቋሬ በር በድልድይ ከአደናግር በር ጋር ይገናኝ ነበር፤ በዚያም ከግቢው ወደ ቅዱስ ሩፋኤል ቤተ ክርስቲያን ይታለፋል። ከተዝካሮ በርም የሚወጣ ድልድይ ነበር። ንጉሥ በመጋረጃ በሚሰወርበት ሥርዓት ውስጥ፣ ወደ ጸሎት ሲሄድ መንገደኛ ሳያየው ከላይ እንዲሻገር ታስቦ የተሠራ ይመስለኛል። የተዝካሮው ድልድይ በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን በተደረገ ውጊያ ተጎዳ። በ1732 ዓመፀኞች ግቢውን ሲከቡ ምንትዋብና ልጃቸው በሮቹን ዘግተው ከውስጥ መከላከል ነበረባቸው። የበር ብዛት በሰላም ጊዜ ክብር፣ በክፉ ቀን ጭንቅ ነው።

ስለ አሠራሩ ጥቂት ልበል። «ፖርቱጋሎች ሠሩት» የሚለው አባባል ከእኛው ሰዎች አፍ እንኳ አልጠፋም። ፋሲል ግን ኢየሱሳውያኑን ያባረሩት ጎንደርን ከመቆርቆራቸው በፊት ነው። በ1648 የየመን ኢማም መልእክተኛ ሆኖ የመጣው አል-ሐይሚ ቤተ መንግሥቱን እጅግ አድንቆ፣ ዋናው ሠሪ ህንዳዊ እንደነበረ ጽፏል። ድንጋይ ፈልጠው፣ ኖራ አቃጥለው፣ እንጨት ጠርበው ያቆሙት ግን የአገሩ ሰዎች ናቸው፤ በጎንደር ዘመን በግንበኝነትና በአናጢነት የታወቁትን ቤተ እስራኤል ሳያነሡ ማለፍ ግፍ ነው። ጥቁሩን ድንጋይ ያያያዘው ኖራ ነው። በር ደግሞ በግንብ ውስጥ ደካማው ቦታ ነው፤ ከላይ ያለው ክብደት ሁሉ ባዶ ላይ ይወርዳልና። ቅስቱ ያንን ክብደት ወደ ግራና ቀኝ ምሰሶ ያካፍለዋል፤ ድንጋዮቹም እርስ በርስ እየተጫኑ ይጠብቃሉ። በግቢው ሕንፃዎች የበርና የመስኮት ቅስት ዙሪያ ቀይ ድንጋይ ታያላችሁ። ለውበት ነው፤ ዓይንም መግቢያው የት እንደሆነ ከሩቅ ይለያል።

ከዚያ ወዲህ ያለው የመከራ ታሪክ ነው፤ አላረዝመውም። በዘመነ መሳፍንት ራሶቹ ነገሥታቱን እያነሡና እያስቀመጡ ግቢውን እንደ እስር ቤት አደረጉት፤ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ስድስት ጊዜ ዙፋን ላይ ወጥተዋል፤ በፊት በር ስንት ጊዜ ገብተው ስንት ጊዜ እንደወጡ እናንተው አስቡት። በ1866 ዐፄ ቴዎድሮስ ከተማዋን አቃጠሉ፣ በ1888 ደርቡሽ ዘረፋት፣ በ1936 ጣልያን ገባ። በ1941 ጣልያን ከጎንደር ሲባረር የእንግሊዝ አውሮፕላን ቦምብ ግቢውንም ጎዳው። በ1979 ዩኔስኮ ፋሲል ግቢን በዓለም ቅርስነት መዘገበው።

የዛሬው ጠላት ዝናብ ነው። ውኃ በስንጥቁ ገብቶ ኖራውን ያጥባል፤ ከዚያ ላይ የበቀለ ሾላ ሥሩን ይሰድና ድንጋዩን ይፈነቅላል። በሲሚንቶ መድፈን ቀላል ይመስላል፤ ሲሚንቶ ግን እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ይይዘውና አሮጌውን ድንጋይ ያበላሸዋል። ጥገናው በኖራ መሆን ያለበት ለዚህ ነው። በቅርቡ ሰፊ እድሳት ሲደረግ ፎቶው በየስልካችን ዞሮ ስለ ግድግዳው ቀለም ብዙ ተባብለናል። ክርክሩ ባይከፋም ስለ በሮቹ የተናገረ ሰው ግን አልገጠመኝም።

ለጠቅላላ ጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። የቅርስ ባለሥልጣናትን አስፈቅደን በየበሩ አጠገብ ስሙንና የማን መግቢያ እንደነበረ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሚገልጽ ሰሌዳ ብናሠራ፤ ወጪው ከአንድ የትምህርት ቤት ክፍል ግንባታ እጅግ ያነሰ ነው። እስከዚያው ግን ማንም ሊረዳን ይችላል። በየቤታችሁ፣ በተለይም በእናቶቻችን ሣጥን ውስጥ፣ ከአብዮቱ በፊት በግቢው አጠገብ የተነሣ ፎቶ ካለ ቅጂውን ለጽሕፈት ቤታችን ላኩልን፤ ከጀርባው ቦታውንና ዓመቱን፣ የምታስታውሱ ከሆነም የበሩን ስም ጻፉበት። የተዝካሮ በርን ወይም የድልድዮቹን ቅሪት የሚያሳይ ቢገኝ በሚቀጥለው ዓመት እትም ሽፋን ላይ እናወጣዋለን።